ግድግዳ መውጣት፦ ተረትና እውነታ

እኛ ዘንድ ገደል መውጣት ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚለን ደብረ ዳሞ ነው፤ 15 ሜትር ገደማ የሚሆነው ቀጥ ያለ ገደል፣ የጠፍር ገመዱ፣ ከላይ ሆነው የሚስቡት መነኮሳት። እንደ ለንደን ባሉ ትልልቅ ከተሞች በባቡር ሐዲድ ቅስቶች ሥርና በአሮጌ ፋብሪካዎች ውስጥ የተከፈቱት ትንንሽ መውጫ ግድግዳዎች ግን ሌላ ናቸው። በብዛት ገመድ የላቸውም፤ ስፖርቱም ቦልደሪንግ ይባላል። በበራቸው የሚያልፍ ሰው ወይ «ይህ የጎረምሳ ሥራ ነው» ብሎ ይሸሻል፣ ወይ «ፍራሽ ተነጥፎለት ምን ይፈራል» ብሎ ሳይጠነቀቅ ይገባል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

ተረት 1፦ ክንደ ብርቱ ያልሆነ አይሞክረው።

እውነታ፦ ጀማሪን ቶሎ የሚጥለው የክንድ ማነስ ሳይሆን ክንድን ያለ ቦታው ማዋል ነው። ብረት ሲያነሳ የከረመ ጎልማሳ ክርኑን አጥፎ መጨበጫውን አንቆ ይይዝና ራሱን ሽቅብ ይጎትታል። ጥቂት ቆይቶ ክንዱ ከክርኑ በታች ይደድርና ጣቶቹ አልታዘዝ ይሉታል። አጠገቡ ያለችው ቀጭን ልጅ እጇን ዘርግታ ትንጠለጠላለች፣ ዳሌዋን ወደ ግድግዳው ታስጠጋለች፣ በጫማዋ ጫፍ ትንሿን መርገጫ ረግጣ በእግሯ ትነሳለች። ደረጃ ስንወጣ መደገፊያውን ይዘን ራሳችንን አንጎትትም፤ እዚህም ሥራው የእግር ነው። ግድግዳው ወደ ወጪው እየተጋደመ ሲመጣ ክንድም ሆድም መጠንከር አለባቸው፤ ያ ግን ለጀማሪ የሚሰጥ የመውጫ መስመር አይደለም።

ተረት 2፦ ረጅም ሰው ሁልጊዜ ይቀናዋል።

እውነታ፦ ቁመት አንዳንዴ ይጠቅማል፣ አንዳንዴ ሸክም ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ፍጻሜ 1 ሜትር ከ54 ሴንቲ ሜትር የምትረዝመው ጃፓናዊቷ አይ ሞሪ በአንዱ የቦልደሪንግ መስመር መነሻ ላይ ያለውን መጨበጫ ዘልላ መያዝ አቅቷት ብዙ አነጋግሮ ነበር። በዚያው ፍጻሜ በረጅሙ የገመድ ግድግዳ ከሁሉም የበለጠ ነጥብ ያገኘችውም እሷው ናት። በቶኪዮም በፓሪስም ወርቅ የወሰደችው ስሎቬኒያዊቷ ያንያ ጋርንብሬት ደግሞ ቁመቷ 1 ሜትር ከ64 ብቻ ነው። ረጅሙ ሰው ሩቁን መጨበጫ በቀላሉ ያገኛል፤ እግሩን አጥፎ ከጠባብ ቦታ መነሳት ሲኖርበት ግን አጭሩ ይቀድመዋል።

ተረት 3፦ ግድግዳው አጭር ነው፣ ወፍራም ፍራሽም አለ፤ አደጋ የለውም።

እውነታ፦ ግድግዳው አብዛኛውን ጊዜ ከ4 ሜትር ተኩል አይበልጥም፤ ከሥሩም ወፍራም ፍራሽ ይነጠፋል። ይሁን እንጂ የሚይዝ ገመድ ስለሌለ እያንዳንዱ መውደቅ እስከ ወለሉ ነው። ሰው ከፍታውን ይፈራል፤ የሚጎዳው ግን ሲያርፍ ነው። ቁርጭምጭሚት ወለም የሚለው፣ ጉልበት የሚጣመመው ያኔ ነው። አወዳደቅ ይለመዳል፦ በሁለት እግር ጉልበትን አጠፍ አድርጎ ማረፍ፣ ከዚያ በጀርባ መንከባለል። እጅን ወደ ኋላ ዘርግቶ መመርኮዝ የእጅ አንጓንና ክርንን ሊሰብር ይችላል። ቀለበት መጨበጫ ላይ ከተያዘ ጣትን ክፉኛ ሊጎዳ ስለሚችል የቃል ኪዳንም ቢሆን ይወልቃል። ሰው እየወጣ ባለበት ሥር ማለፍ፣ ልጅን ፍራሹ ላይ ለቆ ማጫወት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ የሚወድቀው ሰው ከበታቹ ያለውን አያይም።

ተረት 4፦ ትንሽ ግድግዳ ለጀማሪ ነው፤ ቶሎ ይሰለቻል።

እውነታ፦ መጨበጫዎቹ በብሎን የታሰሩ ናቸው። ባለሙያዎች በየጊዜው ፈተው ያጥቧቸውና አዲስ መስመር ይዘረጋሉ፤ የዛሬው ግድግዳ ከወር በኋላ ሌላ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከቀደሙት መውጫ ግድግዳዎች አንዱን እ.ኤ.አ. በ1964 በሊድስ ዩኒቨርሲቲ ዶን ሮቢንሰን የሠራው በአንድ ኮሪደር ግድግዳ ላይ ድንጋይ እየሰካ ነበር። ዛሬም ብርቱዎቹ የሚለማመዱበት፣ በእንግሊዛዊው ወጪ ቤን ሙን የተሰየመው ሙንቦርድ የተባለ ግድግዳ ቁመቱ 3 ሜትር ከ15 ብቻ ሲሆን 40 ዲግሪ ወደ ወጪው የተጋደመ ነው። መጨበጫዎቹ በየአገሩ በአንድ ዓይነት አሰላለፍ ስለሚታሰሩ የሼፊልዱ ሰው የወጣውን መስመር የቶኪዮው ሰው ሳይጓዝ ይሞክረዋል።

ተረት 5፦ ብዙ ዕቃና አብሮ የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል።

እውነታ፦ ለመጀመሪያ ቀን ምቹ ሱሪና ካልሲ ይበቃል፤ ጫማው እዚያው ይከራያል። ጫማው ጠበብ ማለት አለበት፣ ሊያሳምም ግን አይገባም። ወጪዎች እጃቸውን የሚቀቡት ነጭ ዱቄት ማጣበቂያ አይደለም፤ ማግኒዚየም ካርቦኔት የሚባል ላብ ማድረቂያ ነው። ከጂምናስቲክ ወደዚህ ስፖርት ያመጣው አሜሪካዊው ጆን ጊል ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1950ዎቹ ነው። ገመድ ስለሌለ ገመድ ያዥ አያሻም። ብቻውን የመጣ ሰውም ብቻውን አይቀርም፤ አንዱ መስመር ላይ የተቸገሩ እንግዶች ፍራሹ ዳር ቆመው «ግራ እግርህን ከፍ አድርግና ሞክር» መባባል ልማዳቸው ነው።

ተረት 6፦ በየቀኑ የሄደ ቶሎ ይጎብዛል።

እውነታ፦ ጡንቻ በሳምንታት ይጠነክራል፤ ጅማት ግን ዝግ ይላል። የጣትን ጅማት ከአጥንቱ ጋር አጣብቀው የሚይዙ ቀለበት መሰል ማሰሪያዎች አሉ። ክንዱ ስለበረታለት ጠባብ ጠርዝ ላይ በጣቱ ጫፍ መንጠልጠል የሚጀምር ሰው እነዚህን ሊበጥስ ይችላል፤ ለመዳንም ወራት ይፈጃሉ። በሁለት የልምምድ ቀናት መካከል ማረፍ ስንፍና ሳይሆን የልምምዱ አካል ነው።

እንግዲህ ሊፈራ የማይገባው የክንድ ማነስ፣ የቁመት ማጠርና የግድግዳው ትንሽነት ነው፤ ሊፈራ የሚገባው አወዳደቅ አለማወቅና መቸኮል ነው። ለመሄድ ያሰበ ሰው የአወዳደቅ ትምህርቱን ሳያዳምጥ አይጀምር፣ በቀላሉ መስመር ይነሳ፣ ጫፍ ሲደርስ ከመዝለል ይልቅ መጨበጫዎቹን ይዞ ይውረድ፣ ጣቶቹም እምቢ ከማለታቸው በፊት ጫማውን ያውልቅ።