የአፈር ዝሆኔ፦ ከአንድ ቤት አንዱ ብቻ ለምን ይታመማል?

በቀይ የሸክላ አፈር ላይ በባዶ እግሩ አርሶ ያደገ ሰው ብዙ ነው፤ እግሩ የሚያብጠው ግን ጥቂቱ ነው። ምክንያቱ ስላልታወቀ ብዙ ቤተሰብ «እርግማን ነው» ብሎ ታማሚውን ደብቋል፣ ጋብቻም ፈርሷል።

ዝሆኔ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በትንኝ የሚተላለፈውን ትል ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ግን ትሉ የሌለባቸው፣ ትንኙ በማይበዛበት ደጋ የሚኖሩ ታማሚዎችን ልብ አለ። ከተለመደው ውጭ ናቸው ብሎ አላለፋቸውም። የሚኖሩበትን መሬት ሲያጠና መነሻው አፈሩ ሆኖ ተገኘ፦ ደቃቅ ማዕድን በእግር ቆዳ ገብቶ የሊምፍ ቱቦዎችን ይጎዳል። ይህ በሽታ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

ጎረቤቱስ ለምን ዳነ? በወላይታ የተደረገ የቤተሰብ ጥናት፣ ወንድሙ ወይም እህቱ የታመመበት ሰው የመታመም ዕድሉ ከሌላው 5 እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳየ። በ2012 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ ጥናት የ194 ታማሚዎችንና የ203 ጤነኞችን ዘረመል አነጻጽሮ፣ ልዩነቱን የሰውነትን መከላከያ በሚመሩ ዘረመሎች አካባቢ አገኘው። የጤነኞቹ ደም ባይኖር የታመሙት ደም ብቻውን ብዙም አይናገርም ነበር።

እንግዲህ «ከዘር ነው» የሚሉት ግማሹን ብቻ ነው ያወቁት። ተጋላጭነት ይወረሳል፤ አፈሩ እግር ካልነካ ግን በሽታው አይመጣም። በቤትዎ ታማሚ ካለ ልጆቹ መራመድ ሲጀምሩ ጀምሮ ጫማ ያድርጉ። «ባዶ እግሩን የሚሄደው ሁሉ መች ታመመ?» የሚለው ለእነሱ አይሠራም። ለታመመው ደግሞ እግርን በየቀኑ በሳሙናና በውሃ ማጠብ፣ ቆዳውን ቅባት መቀባት፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግና የተሸፈነ ጫማ መጫማት ይረዳል፤ ትኩሳት ያለበት የእግር ሕመም ሲነሳ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

በቀራንዮና አካባቢው ለሚኖሩ አንድ ነገር ልጨምር። ዘነበ ወርቅ ባለው የአለርት ግቢ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ስላለ፣ ለሕክምና ሲሄዱ እርስዎ ወይም ጤነኛ ዘመድዎ በጥናት እንዲሳተፉ ሊጠየቁ ይችላሉ። «እኔ አልታመምኩ፣ ደሜ ምን ያደርግላቸዋል?» አይበሉ። ዓላማውን፣ ደሙ የት እንደሚቀመጥና ውጤቱ ይነገርዎ እንደሆነ ግን ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ። እምቢ ማለትም መብትዎ ነው፤ በዚህ ምክንያት ሕክምናዎ ሊቋረጥ አይገባም።