የተማሪዎች ጥቃትና የአእምሮ ጤንነት፤ ስለ ወረታ ተከራይ ተማሪዎች

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ የደብረ ታቦሩ መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። በዙሪያዋ ካለው ከፎገራ ሜዳ፥ ሩዝ ከሚያመርቱትና ከብት ከሚያረቡት ገበሬዎች ቤት፥ ልጆች ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ይመጣሉ። መንደራቸው የራቀባቸው ስንቃቸውን ይዘው፥ በኅብረት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው፥ ይህ አኗኗር ተማሪ በተማሪ ላይ የሚያደርሰውን ጥቃት ስለ ምን እንደሚያከብደው ነው።

አስቀድመን ትርጉሙን እንወስን። በኖርዌይ አገር የሠሩት ሊቅ ዳን ኦልዌዩስ፥ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ባደረጉት ምርምር፥ ጥቃትን በሦስት ምልክቶች ለይተውታል፤ ሆን ተብሎ መደረጉ፥ መደጋገሙ፥ በአጥቂውና በተጠቂው መካከል የኃይል አለመመጣጠን መኖሩ ናቸው። እንግዲህ ሁለት እኩዮች አንድ ቀን ቢጣሉ ጥቃት አይባልም። በአንድ ልጅ አነጋገር በየቀኑ እየሣቁ «ባላገር» ማለት፥ ስንቁን መቀማት፥ ከጨዋታ ማግለል ግን ጥቃት ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 እንደ ገለጸው፥ በዓለም ላይ ከ3 ተማሪዎች 1ዱ ያህል በአንድ ወር ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ በጓደኞቹ ተጠቅቷል።

ጉዳቱም ከልጅነት ጋር አያልፍም። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1958 የተወለዱ ልጆች ለብዙ ዘመን ተጠንተው ነበር፤ በ2014 በወጣው ውጤት መሠረት፥ በ7 እና በ11 ዓመታቸው በተደጋጋሚ የተጠቁት፥ 50 ዓመት ሲሞላቸው እንኳ ድብታና ጭንቀት ከሌሎቹ ይልቅ በርትቶባቸው ተገኝቷል።

ወደ ወረታ እንመለስ። የከተማው ልጅ ማታ ወደ እናቱ ቤት ይገባል፤ በዚያም ዕረፍት ያገኛል። ተከራዩ ተማሪ ግን የሚያጠቃው አብሮት የሚያድረው ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ማታውም እንደ ቀኑ ነው። አባቱ ኪራዩን የሚከፍለው ሩዝ ሸጦ መሆኑን ስለሚያውቅ፥ ቤተ ሰቡን ላለማስጨነቅ ሲል «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ዝም ይላል። እንቅልፍ ያጣል፥ ከክፍል ይቀራል፥ ማርኩ ይወርዳል። ይህን ያየ ሰው ሰነፍ ነው ብሎ ይፈርድበታል፤ ፍርዱም ሁለተኛ ጥቃት ይሆንበታል።

ከዚህ የተነሣ የምናቀርበው አሳብ ቀላል ነው። የክፍል ኃላፊ መምህር፥ የቀረውን ተማሪ ከመቅጣቱ በፊት ከማን ጋር እንደሚያድር ለብቻው ይጠይቀው። አከራዮችም ያዩትን ለትምህርት ቤቱ ይንገሩ። አይተን ዝም የምንል ተማሪዎችም፥ አጥቂው የሚበረታው በዝምታችን መሆኑን እንወቅ።