የዳትሰን 240 ዜድ ሒሳብ፤ ትርፉ ከዕድሜው ሳይሆን ከላሜራው ነው

በጥር ወር 2020 አሜሪካ ውስጥ በኢንተርኔት በተካሄደ ጨረታ አንድ የ1971 ሥሪት ዳትሰን 240 ዜድ በ310 ሺ ዶላር ተሸጠ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህ ዓይነት መኪና በ1970 የአሜሪካ ገበያ ላይ ሲቀርብ ዋጋው 3,526 ዶላር ነበር። እንዲህ ያለ ዜና የሰማ ሰው «አንድ አሮጌ የጃፓን ስፖርት መኪና ገዝቶ ማቆም ነዋ!» ማለቱ አይቀርም። በተለይ አሜሪካ ውስጥ ወንድም ወይም እህት ያለው ነጋዴ ሐሳቡ ሊያጓጓው ይችላል። ይሁን እንጂ ሒሳቡ ወረቀት ላይ ሲወርድ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል።

መኪናው ምን ዓይነት ነው?

240 ዜድ የጃፓኑ ኒሳን ኩባንያ የሠራውና በዳትሰን ስም የሸጠው ባለ ሁለት መቀመጫ ስፖርት መኪና ነው። ሞተሩ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 2,393 ሲሲ ሲሆን በሁለት ካርቡራተር ይሠራል። በዘመኑ አለካክ ጉልበቱ 151 የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቱም ከአንድ ቶን ብዙ የማይበልጥ ነበር። የአውሮፓ ስፖርት መኪኖች የሚሰጡትን ፍጥነትና መልክ በጣም ባነሰ ዋጋ በማቅረቡ ገዢው ተሻማበት።

በጃፓን «ፌርሌዲ ዜድ» ይባል ነበር። በአሜሪካ የኩባንያው ኃላፊ የነበሩት ዩታካ ካታያማ ግን ስሙን ለስፖርት መኪና የማይመጥን ነው ብለው ስላልወደዱት እዚያ 240 ዜድ ተብሎ ተሸጠ። በዚህ መኪና የተነሳ ስማቸው የገነነው ካታያማ በ2015 በ105 ዓመታቸው አርፈዋል።

ምሥራቅ አፍሪካም መኪናውን ያውቀዋል። የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን በ1971 እና በ1973 ያሸነፈው ይኸው 240 ዜድ ነበር። በ1973 መሪውን የያዘው ኡጋንዳ የተወለደው ሼካር ሜታ ነው። የመኪናው ስም ጠንካራነትን ይዞ የቀረው በዚያ አቧራና ጭቃ ስለተፈተነ ጭምር ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል። 240 ዜድ ብርቅ መኪና አይደለም። ከተከታዮቹ ከ260 ዜድና ከ280 ዜድ ጋር ተደምሮ እስከ 1978 ድረስ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። በአንጻሩ ቶዮታ 2000 ጂቲ የተሠራው 351 ብቻ ነው። ከእነዚህም ውስጥ በካሮል ሼልቢ ቡድን ለውድድር የተዘጋጀው አንዱ በመጋቢት 2022 ከ2 ሚሊዮን 500 ሺ ዶላር በላይ አውጥቷል። የ2000 ጂቲ ዋጋ ከቁጥሩ ማነስ የመጣ ነው። የ240 ዜድ ዋጋ የሚመጣው ግን ከሌላ ቦታ ነው፤ ብርቁ መኪናው ሳይሆን ያልዛገው መኪና ነው።

ሒሳቡ ሲወርድ

ከ3,526 ዶላር ተነስቶ 310 ሺ ዶላር መድረስ ማለት 88 ጊዜ ያህል መባዛት ነው። ይህ በ50 ዓመት ገደማ ሲካፈል በየዓመቱ ከ9 እስከ 10 ከመቶ የሚሆን ዕድገት ይወጣዋል። መጥፎ አይደለም። ነገር ግን በዚያው ዘመን የአሜሪካ ትላልቅ ኩባንያዎችን አክሲዮን በጅምላ ገዝቶ፣ የትርፍ ድርሻውንም መልሶ አክሲዮን እየገዛበት የቆየ ሰው በዓመት ከ10 ከመቶ በላይ አግኝቷል። አክሲዮኑ ጋራዥ አይከራይም፣ ዘይት አይቀየርለትም፣ አይዝግም። ክብረ ወሰን የሰበረው መኪና እንኳ አክሲዮኑን አልበለጠም ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ክብረ ወሰን ያልሰበረውን፣ ደህና የተያዘውን መኪና እንውሰድ። ለሒሳብ ያህል በ2023 በ40 ሺ ዶላር ተሸጠ እንበል። ይህ ከመነሻው 11 ጊዜ ቢበልጥም በ53 ዓመት ሲካፈል ዕድገቱ በዓመት 5 ከመቶ አይሞላም። በእነዚህ ዓመታት በአሜሪካ የኑሮ ውድነቱ ብቻ ዋጋን 8 ጊዜ ገደማ አባዝቷል። የ1970ው 3,526 ዶላር በ2023 የመግዛት አቅም 27 ሺ ዶላርን ያልፋል። በመሆኑም ባለቤቱ በግማሽ ምዕተ ዓመት ያገኘው እውነተኛ ትርፍ የዋናውን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ለዚያውም የጥገናው፣ የኢንሹራንሱና የማቆሚያው ወጪ ገና አልተነሳለትም።

ታዲያ ማን አተረፈ? ያተረፈው መኪናውን አዲስ ሳለ የገዛው ሳይሆን፣ «አሮጌ ዳትሰን» ተብሎ በተናቀበት ዘመን ያልዛገውን መርጦ የገዛውና በደረቅ ቦታ ያስቀመጠው ነው።

ኩባንያው ራሱ ያልዘለቀበት ሥራ

የዛገ መኪና በርካሽ ገዝቶ፣ አድሶ፣ በውድ መሸጥ ለብዙ ሰው ቀላል ይመስላል። ኒሳን ራሱ ሞክሮታል። 300 ዜድኤክስ የተባለው መኪናው በ1996 ከአሜሪካ ገበያ ሲወጣ የዜድ ስም እንዳይረሳ በማሰብ፣ ከ1997 ጀምሮ አሮጌ 240 ዜዶችን እየገዛ በተመረጡ ጋራዦች አሳድሶ 25 ሺ ዶላር ገደማ ለሽያጭ አቀረበ። ሥራው ብዙም አልቆየም፤ የታደሱት መኪኖችም መቶ አልሞሉም። መኪናውን የሠራው፣ መለዋወጫውም በእጁ ያለው ኩባንያ ያልገፋበትን ሥራ አንድ ግለሰብ በአንድ መኪና ሊያተርፍበት ሲነሳ ደግሞ ደጋግሞ ማሰብ ይኖርበታል።

ለምሳሌ የዛገ መኪና በ10 ሺ ዶላር ተገዛ እንበል። ለላሜራና ለቀለም 25 ሺ፣ ለሞተርና ለካምቢዮ 8 ሺ፣ ለፍሬን፣ ለጎማና ለወንበር 7 ሺ ዶላር ቢወጣ ድምሩ 50 ሺ ይሆናል። ገበያው የሚከፍለው 40 ሺ ከሆነ 10 ሺ ዶላር ከኪስ ሄደ ማለት ነው። ቁጥሮቹ ለማሳያ የቀረቡ ቢሆኑም የሒሳቡ አካሄድ ግን ይኸው ነው። ርካሹ መኪና ውድ ሆኖ የሚያርፈው በዚህ መንገድ ነው።

ገዢ የት ይመልከት?

የ240 ዜድ ጠላት ዝገት ነው። የዚያ ዘመን የጃፓን ላሜራ ስስ ነበር፤ ከዝገት የሚከላከለው ሽፋንም ደካማ ነበር። በአሜሪካ ሰሜናዊ ግዛቶች በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ብዙዎቹን በልቷቸዋል። ከካሊፎርኒያና ከአሪዞና የሚመጣ መኪና ተፈላጊ የሆነውም አየሩ ደረቅ ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ የሚታየው ባትሪው የሚቀመጥበት ነው፤ አሲዱ ላሜራውን ያቃጥለዋል። ቀጥሎ ምንጣፉን አንስቶ ወለሉን፣ ከሥር ገብቶም እንደ ሻንሲ ሆነው ከወለሉ ጋር የተበየዱትን ዘንጎች ማየት ነው። ከበሩ ኋላ፣ ከኋላው ጎማ ፊት ያለው ጥግ፣ የመለዋወጫ ጎማው ማስቀመጫና የኋላው በር የታችኛው ጠርዝ መዝለል የለባቸውም። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ ላሜራው ላይ ማስጠጋት ቀላል ዘዴ ነው፤ ማግኔቱ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው። የሚያብረቀርቅ ቀለም ብዙ ገዢ አታሏል።

ሞተሩ ግን በጥንካሬው ይመሰገናል። ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው አልሙኒየም ነው። በመሆኑም ከሙቀት መጠበቅ አለበት፤ አንዴ ከመጠን በላይ ከሞቀ ቴስታታው ይጣመማል። የራዲያተሩ ውኃ በተገቢው ኬሚካል ካልተጠበቀና በጊዜው ካልተቀየረም አልሙኒየሙን ከውስጥ ይበላዋል። የቫልቮቹ ክፍተት በየጊዜው መስተካከል ይኖርበታል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ለአየር ማስገቢያው 0.20፣ ለጭስ ማውጫው 0.25 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱ ካርቡራተሮች እኩል አየር ካልሳቡ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ነዳጅም ይበላል። የ1973 ሥሪት ካርቡራተሮች ለጭስ ቁጥጥር ሲባል የተለወጡ በመሆናቸው ብዙ ባለቤቶች አውጥተው የቀደመውን ዓይነት ይገጥማሉ።

ኤሌክትሪኩም ትኩረት ይፈልጋል። የፊት መብራቱ ኃይል ያለ ሪሌ በቀጥታ በማብሪያው ውስጥ ስለሚያልፍ ማብሪያውና የፊውዝ ሳጥኑ ይግላሉ፤ የቀለጠም አለ። በትንሽ ወጪ ሪሌ ማስገባት ትልቅ ጉዳት ያስቀራል። በአሜሪካ ቤንዚን ውስጥ የሚደባለቀው ኤታኖል አሮጌውን የጎማ ቱቦ ስለሚያበላሽ የነዳጁን ቱቦዎች በሙሉ መቀየር የእሳት አደጋን መከላከል ነው።

ወረቀቱስ?

ኮፈኑ ሲከፈት በሚገኘው የብረት ሰሌዳ ላይ የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ተጽፏል። የሻንሲው ቁጥር ሞተሩንና ተሳፋሪውን በሚለየው ግድግዳ ላይም ተመትቷል። ሦስቱ፣ ማለትም ሰሌዳው፣ ግድግዳውና ሞተሩ ካልተስማሙ ወይም ከባለቤትነት ወረቀቱ ጋር ከተጣሉ ዋጋው መውረድ አለበት። የጥገና ደረሰኝ በዓመተ ምሕረት ተራ የተያዘለት መኪና ተመሳሳይ መልክ ካለው ደረሰኝ አልባ መኪና ይበልጣል። ገዢው የሚከፍለው ለብረቱ ብቻ ሳይሆን ለታሪኩም ነውና።

የቆመ መኪና ይበላል

«አልነዳውም፣ ስለዚህ ወጪ የለውም» የሚለው አነጋገር ስሕተት ነው። የቆመ መኪና ታንኩ ይዝጋል፣ የፍሬን ዘይቱ እርጥበት ይስባል፣ ጎማው ኪሎ ሜትር ሳይቆጥር በዕድሜው ይሰነጠቃል። ደረቅ ማቆሚያና በስምምነት በተወሰነ ዋጋ የሚገባ ኢንሹራንስም ያስፈልጋሉ። 40 ሺ ዶላር የሚያወጣ መኪና በዓመት 2 ሺ ዶላር ቢበላ ይህ 5 ከመቶ ነው። ገበያው በዓመት 5 ከመቶ ካልጨመረ ባለቤቱ ከዋናው እየበላ ነው።

ቀኑ የሚታወቅ ገበያ

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ገንዘቡ ወደ ወጣቶቹ መኪኖች አዘንብሏል። በአሜሪካ ሕግ ለዚያ አገር ገበያ ያልተሠራ መኪና 25 ዓመት ከሞላው ከደኅንነት ደረጃው ነፃ ሆኖ ይገባል። በ1989 መመረት የጀመረው ኒሳን ስካይላይን ጂቲ-አር በ2014 በሩ ሲከፈትለት የአሜሪካ ገዢ ጃፓን ድረስ ሄዶ ዋጋውን አንሮታል። ቀኑ አስቀድሞ ይታወቅ ስለነበር ያተረፉት ከቀኑ በፊት የገዙት ናቸው። ጃፓን ደግሞ 13 ዓመት ባለፈው የቤንዚን መኪና ላይ ዓመታዊውን ቀረጥ በ15 ከመቶ ገደማ ስለምትጨምር አሮጌው ወደ ውጭ ይገፋል። ኒሳን ከ2017 መጨረሻ ለስካይላይን፣ ቶዮታም ከ2020 ለሱፕራና ለ2000 ጂቲ የቀሩ መለዋወጫዎችን እንደገና ማምረት ጀምረዋል። መለዋወጫ ያለው መኪና ዋጋውን ለመጠበቅ የተሻለ ዕድል አለው።

ለአዲስ አበባ ነጋዴ

የአዲስ አበባ ሰው አሮጌ መኪና ዋጋው ሲጨምር ማየት አዲሱ አይደለም። ቮልስዋገንና ኮሮላ ዲኤክስ ባለቤታቸውን ሳያከስሩ ለዓመታት ተሽጠዋል። ምክንያቱ ግን የተለየ ነው። እዚህ ዋጋውን የሰቀለው ቀረጡ፣ የውጭ ምንዛሪ እጥረቱና የአዲስ መኪና ውድነት ነው፤ መኪናው የሚገዛው ሊሠራበት ነው። 240 ዜድ የሚገዛው ግን ለፍቅር ነው፤ ፍቅር ደግሞ ከትውልድ ትውልድ ይለያያል። በወጣትነቱ የተመኘው ሰው ሲያረጅ ገዢው ሊሳሳ ይችላል።

መኪናውን አገር ቤት ማስገባትም የሚታሰብ አይደለም። በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ሕግ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2024 መጀመሪያ ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ ይህ ንግድ አሜሪካ ላለ ዘመድ እንጂ ለቦሌ ጋራዥ አይደለም።

ዘመድዎ ስልክ ደውሎ «እንካፈልና እንግዛ» ካለዎት ሦስት ነገር ይጠይቁት። ወለሉንና ዘንጎቹን ከሥር ገብቶ በዓይኑ አይቷል? የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ይስማማል? በየዓመቱ የሚወጣውን ወጪ የሚከፍለው ማን ነው? ለሦስቱም ቁርጥ ያለ መልስ ካለው መኪናው ደስታም ገንዘብም ሊሰጣችሁ ይችላል። አንዱ እንኳ ከጎደለ ግን ድርሻዎን አክሲዮን ይግዙበት፤ ዘመድዎም መኪናውን ከወደደው በራሱ ገንዘብ ይግዛ።