ከዓሣ ቤቶች ጠረጴዛ እየራቀ ያለው የጣና ነጭ ዓሣ

ባሕር ዳር ሄዶ ዓሣ ሳይበላ የተመለሰ ሰው ከወዳጆቹ ወቀሳ አይቀርለትም። የከተማዋ የቆዩ ነዋሪዎች ግን ስለ ዓሣ ወሬ ሲነሳ ቀድመው የሚጠቅሱት ትልልቆቹን ሆቴሎች አይደለም፤ በሐይቁ ዳርና በገበያው አካባቢ የነበሩትን ትንንሽ ዓሣ ቤቶች ነው። ብዙዎቹ የስም ሰሌዳ እንኳ አልነበራቸውም። በባለቤቷ ስም ወይም በአጠገባቸው ባለው ዛፍ ይጠሩ ነበር። መቀመጫው አግዳሚ፣ ጠረጴዛው ከሳንቃ የተመታ፣ ምድጃው ደጅ ላይ። ተመጋቢው ከመቀመጡ በፊት ወደ ጓዳ ዘልቆ ዓሣውን በዓይኑ አይቶ ይመርጣል፤ ጉንጩን ገልጦ ስንጥቡ ቀይ መሆኑን፣ ዓይኑ አለመደብዘዙን፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ መነሳቱን ያረጋግጣል። ይህ የአመራረጥ ዘዴ ዛሬም ከማንኛውም ማረጋገጫ ወረቀት ይበልጣል።

በብዛት የሚታዘዘው ቆሮሶ ነበር፤ ቀረሶ የሚሉትም አሉ። ቅርፊቱ ተፍቆ፣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ ጎንና ጎኑ በቢላዋ ተተልትሎ ጨውና ሎሚ ከጠጣ በኋላ ከነጭንቅላቱ በጋለ ዘይት ውስጥ ይገባል። ጥሩ ጠባሽ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ዘይቱ በደንብ ካልጋለ ዓሣው ዘይት ይጠጣል፤ ከመጠን በላይ ከጋለ ደግሞ ውጪው ይከስልና አከርካሪው አጠገብ ያለው ሥጋ ጥሬ ይቀራል። በልኩ የተጠበሰ እንደሆነ ግን ትልትሉ ተከፍቶ ቆዳው ይንኮሻኮሻል፤ ሥጋው በጣት ሲነካ ከአጥንቱ ይላቀቃል። ከዳጣ፣ ከሎሚና ከቃሪያ ጋር በእንጀራ ወይም በዳቦ ይቀርባል። ሹካ የሚጠይቅ ሰው እንግዳ መሆኑ ወዲያው ይታወቅበታል። የጥንቶቹ ተመጋቢዎች ደጋግመው የሚያነሱት ነገር ቢኖር የቆሮሶው መጠን ነው፤ አንዱ ዓሣ ትሪውን ሞልቶ ለሁለት ሰው ይበቃ ነበር ይላሉ። ዛሬ በብዙ ቤቶች ለአንድ ሰው ሁለት ወይም ሦስት ትንንሽ ቆሮሶዎች መቅረባቸው የተለመደ ሆኗል። ይህን የለጋስነት ምልክት አድርጎ የሚወስድ ካለ ተሳስቷል።

አምባዛ የራሱ ወዳጆችና የራሱ ሸሺዎች አሉት። ቅርፊት የሌለው በመሆኑ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ያለውን ሕግ ጠቅሰው የማይበሉት ምእመናን ጥቂት አይደሉም። የሚበሉት ደግሞ ሥጋው ወፍራም፣ ጥቃቅን አጥንት የሌለበትና ለወጥ የሚመች መሆኑን ያነሳሉ። በእርግጥም ለዓሣ ወጥና ለጉላሽ አምባዛን የሚስተካከል የለም፤ በቁሌቱ ውስጥ ቆይቶ አይፈራርስም። ልጅ ይዞ ለሚመጣ ሰውም አጥንት መልቀም የማያስፈልገው በመሆኑ ይመረጣል። በሐይቁ ዳር ያሉ ገበሬዎች አምባዛን በሌላ መንገድም ያውቁታል፤ በክረምቱ መግቢያ ውኃ ሲሞላ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ረግረጉና ውኃ ወደ ተኛበት ሣር ይወጣል።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ግን ሦስተኛው ነው፤ ነጭ ዓሣ። በመጀመሪያ ስሙን ማጥራት ይገባል። አርባ ምንጭ ላይ «ነጭ ዓሣ» ብሎ ያዘዘ ሰው የሚቀርብለት የጫሞና የአባያ ሐይቆች ትልቁ ሥጋ በል ዓሣ ነው። የጣናው ነጭ ዓሣ ግን ሌላ ነው፤ በሌሎች አካባቢዎች ቢልጫ ከሚባለው ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ሥጋው ጣፋጭ ቢሆንም ከመሃሉ ሹካ መሰል ቀጫጭን አጥንቶች ስላሉት ችኩል ሰው አይበላውም። ዓሣ ቤቶቹ ለዚህ መላ ነበራቸው፤ አንዳንዶቹ ጎኑን በጣም አቀራርበው በመተልተል አጥንቱን አድቅቀው ይጠብሱታል፤ ሌሎቹ ሥጋውን ለይተው አውጥተው ኮተሌት ወይም ዱለት ይሠሩታል። የቆዩ ደንበኞች የነጭ ዓሣ ወቅት ክረምቱ ሲገባደድ፣ ወደ ዘመን መለወጫ ሲቃረብ ነበር ይላሉ። ያን ጊዜ ዓሣው ትልልቅና የሰባ፣ ዋጋውም የረከሰ ነበር። ለምን በዚያ ወቅት ብቻ እንደዚያ ይበዛ እንደነበር የሚጠይቅ ግን እምብዛም አልነበረም። ወደዚህ እንመለሳለን።

ከጣና ወጣ ስንል፣ በክልላችን ስለ ዓሣ ቤት ተነስቶ የሐይቅ ከተማ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚጓዝ መንገደኛ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደ ከመኪናው ወርዶ የተጠበሰ ቆሮሶ መብላት የቆየ ልማዱ ነው። ብዙ ሰው ያ ዓሣ ከጥንት ጀምሮ በሐይቁ ውስጥ የነበረ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም፤ ቆሮሶ በሐይቅ ሐይቅ ውስጥ የተጨመረው በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ነው። አንድ ከተማ የምትታወቅበት ምግብ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሊፈጠር እንደሚችል ያሳያል። በዚያው ልክ ሊጠፋም ይችላል፤ በጣና ነጭ ዓሣ ላይ የምናየው ይህንኑ ነው።

የጣና ዓሣ ለብዙ ዘመን የተያዘው ከደንገል በተሠራ ታንኳ ነበር። ታንኳ ከዳር ብዙ አይርቅም፤ ማዕበልና ነፋስ ይገቱታል፤ ስለዚህ አስጋሪው የሚደርሰው በዳርቻው ያለውን ቆሮሶ ነበር። በ1978 ዓ.ም. አካባቢ የግብርና ሚኒስቴር ከሆላንድ ከመጣ የበጎ አድራጎት ድርጅት ጋር በጀመረው ፕሮግራም ባለ ሞተር ጀልባዎችና ረጃጅም የናይለን መረቦች ገቡ። ጥቅሙ ግልጽ ነበር። አስጋሪዎች ተደራጁ፤ የባሕር ዳር ገበያ በየቀኑ ዓሣ አገኘ፤ ምርቱም እስከ አዲስ አበባ ደረሰ። ዛሬ በትዝታ የሚነሱት ዓሣ ቤቶች ብዙዎቹ ያደጉት በዚህ አቅርቦት ነው። ነገር ግን ጀልባው ታንኳ የማይደርስበት ሁሉ ደረሰ። ከሁሉም በላይ በክረምት ወደ ወንዞች አፍ ሄደ፤ ነጭ ዓሣ በአንድ ቦታ ታጭቆ የሚገኘው እዚያ ነውና።

ነጭ ዓሣ ብለን በአንድ ስም የምንጠራው በእውነቱ 15 ያህል ዝርያ ነው። የቫገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአገራችን ባለሙያዎች ጋር ሠርተው እንዳሳዩት፣ ግማሽ ያህሉ ሌላ ዓሣ የሚበሉ ናቸው፤ ሌሎቹ ቅጠላ ቅጠል፣ ቀንድ አውጣ ወይም ጥቃቅን የውኃ ነፍሳት ይመገባሉ። አብዛኞቹ ከጣና ሌላ በየትኛውም የዓለም ክፍል አይገኙም። ቢያንስ ሰባቱ እንቁላላቸውን የሚጥሉት በሐይቁ ውስጥ አይደለም። ከሐምሌ ጀምሮ ወንዞች ደፍርሰው ሲሞሉ ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ድርማና ሌሎችም ወንዞች አፍ ይሰበሰባሉ፤ በነሐሴና በመስከረም ወደ ላይ ወጥተው በገባር ጅረቶች ውስጥ ንጹሕ ጠጠርና የሚፈስ ውኃ ባለበት እንቁላላቸውን ይጥላሉ። እንግዲህ በዘመን መለወጫ ሰሞን በየዓሣ ቤቱ ይትረፈረፍ የነበረው የሰባ ነጭ ዓሣ ለመውለድ ጉዞ ላይ ያለ ዓሣ ነበር። ሆዷ ሲከፈት እንቁላል የሞላባት እናት መገኘቷ የተለመደ የነበረውም ለዚህ ነው።

ውጤቱ ለመታየት ብዙ ዓመት አልፈጀበትም። በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል በ1980ዎቹ አጋማሽና በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተደረጉ የናሙና ማስገሮች ሲነጻጸሩ የነጭ ዓሣ ብዛት በ75 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። ጫጩቶቹ ደግሞ ከዚያም በባሰ መጠን ነበር የቀነሱት። ቆሮሶ በዚህ ልክ ያልተጎዳው የአኗኗር ዘይቤው ስለሚለይ ነው፤ እናቲቱ እንቁላሎቿንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች፤ የምትራባውም እዚያው በሐይቁ ዳርቻ ነው እንጂ በአንድ ወንዝ አፍ ተሰብስባ አትጠበቅም። ስለዚህ መረቡ ፊቱን ወደ ቆሮሶ አዞረ፤ የትሪው ቆሮሶም ማነስ ጀመረ።

ይህ በግብርና ዓምድ ላይ የሚጻፍበት ምክንያት እዚህ ጋ ይመጣል። ባሕር ዳር ላይ የሚበላው ነጭ ዓሣ የሚወለደው በደራ፣ በፎገራና በፋርጣ ገበሬዎች ማሳ አጠገብ ነው። ጉማራና ርብ ሁለቱም የሚነሱት ከጉና ተራራ ነው፤ ገበሬው በእነዚህ ወንዞች ላይ የሚያደርገው ነገር ሁሉ ወደ ዓሣው ይደርሳል። በክረምት መጨረሻ ጅረቱን በቅርንጫፍና በድንጋይ ዘግቶ የሚወርደውን ዓሣ መልቀም በአንዳንድ ቀበሌዎች አሁንም አለ። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃ ውስጥ መበተንም አልቀረም፤ ብርብራ ትልቁን ከትንሹ ሳይለይ ሁሉንም ያደነዝዛል፤ አንድ ጆንያ ዓሣ ለማግኘት የአንድ ጅረት ጫጩት ሁሉ ያልቃል። ለግንባታ ተብሎ የሚዛቀው አሸዋና ጠጠር በብዙ ቦታ እንቁላሉ የሚያርፍበት ጠጠር ራሱ ነው። በበጋ ደግሞ የውኃ መሳቢያ ሞተሮች ለሽንኩርትና ለሌላ የመስኖ ሰብል ሲሠሩ፣ ጫጩቶቹ ወደ ሐይቁ ከመውረዳቸው በፊት የቀሩባቸው ኩሬዎች ይደርቃሉ። መስኖው ይቁም ማለት አይቻልም፤ የፎገራ ገበሬ ኑሮ ነው። ነገር ግን ጥልቅ የሆኑ ኩሬዎችን እስከ ታች ሳይጠጡ መተውና የሞተሩን መሳቢያ አፍ በወንፊት መሸፈን ገበሬውን ብዙ የሚያስወጣ ነገር አይደለም።

በዚህ ላይ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የታየው እንቦጭ፣ የባሕር ሸሽ መሬትን ለማረስ ሲባል የሚታጨደው ደንገልና የሚጠፋው ረግረግ፣ በመተማ በኩል እንደሚገባ የሚነገረው ርካሽ ባለ አንድ ክር የፕላስቲክ መረብ ተጨምረዋል። መረቡ ተቀዶ ሲጣል አይበሰብስም፤ ባለቤት ሳይኖረው ዓሣ መያዙን ይቀጥላል።

በፊሊፒንስ ላናኦ በሚባል ሐይቅ ውስጥ የጣናውን የሚመስል፣ በዚያ ሐይቅ ብቻ የሚገኝ የዓሣ ዝርያዎች ስብስብ ነበር። ከመጠን ያለፈ ማስገርና ከውጭ የገቡ ዓሦች አጠፉት። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ስብስብ በብዛት ሳይፈርስ የሚገኘው በጣና ነው።

ሕጉ አለ። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል፤ ክልሉም የራሱን አዋጅ አውጥቷል። የጎደለው ሐምሌ ሲገባ በወንዙ አፍ ላይ የሚቆም ሰው ነው። ሐይቁ ብዙ ወረዳዎችን የሚያዋስን በመሆኑ አንዱ ወረዳ ሲከለክል አስጋሪው ጀልባውን ወደ ጎረቤት ወረዳ ያዞራል። ስለዚህ ከሐምሌ እስከ መስከረም የወንዝ አፎችን የመዝጋት ሥራ በአንድ ቀን፣ በሁሉም አዋሳኝ ወረዳዎች መጀመር ይኖርበታል። የእንስሳትና ዓሣ ሀብት ባለሙያው ብቻውን አይችለውም፤ የቀበሌ ሚሊሻና የአስጋሪ ማኅበራት አብረውት ሊቆሙ ይገባል። በየወንዙ ላይ ከሁሉ በፊት የሚጠበቁ ሁለት ሦስት የጠጠር ቦታዎችን ለይቶ የአሸዋ ፈቃድ ሲሰጥ እነሱን ማስቀረት ደግሞ በጀት የማይጠይቅ፣ የወረዳው የማዕድንና የግብርና ጽሕፈት ቤቶች በአንድ ስብሰባ ሊጨርሱት የሚችሉት ጉዳይ ነው። ለሦስት ወር መረቡን የሚሰቅል አስጋሪ ምን እንደሚበላም አብሮ መታሰብ አለበት። ይህ ካልታሰበ ክልከላው በቀን ይከበራል፣ በሌሊት ይጣሳል።

ዓሣ ቤቶችም ድርሻ አላቸው። በነሐሴና በመስከረም ነጭ ዓሣ አለመግዛት ለአንድ ቤት ያን ያህል ኪሳራ አይደለም፤ በዚያ ወቅት አምባዛና ቆሮሶ ይገኛል። የገበያው ትልቁ ጫና የሚመጣውም በዐቢይ ጾም ነው፤ ዓሣ ለጾም የሚበሉ ሰዎች ስለሚበዙ ዋጋው ይወጣል። ያ ወቅት ነጭ ዓሣው ከወንዝ ወደ ሐይቁ የተመለሰበት ነውና፣ ወላድ ሳይነካ ለገበያ ሊቀርብ ይችላል። እንቁላል ያልሞላባትን፣ ከአንድ ክንድ የማታንስ ዓሣ ብቻ እገዛለሁ የሚል ባለ ዓሣ ቤት ለአስጋሪው ከማንኛውም ተቆጣጣሪ ይልቅ የሚሰማ መልእክት ያስተላልፋል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ብክነት። ከታንኳ ወርዶ በፀሐይ ላይ ሰዓታት የሚቆይ ዓሣ ገበያ ሳይደርስ ይበላሻል፤ አስጋሪው የተበላሸውን ለማካካስ ተጨማሪ መረብ ይጥላል። በረዶ በሌለበት በዳርቻ ቀበሌ የሚቻለው ዓሣውን በጥላ ሥር፣ በእርጥብ ደንገል ሸፍኖ ማቆየትና ሆድ ዕቃውን ቶሎ ማውጣት ነው። የተረፈውን ጨው ነስንሶ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ በመስቀል ቋንጣ ማድረግም የቆየ ዘዴ ነው፤ የጣና ዓሣ ቋንጣ በመተማ በኩል እስከ ሱዳን ገበያ አለው። መሬት ላይ የደረቀው አሸዋ ስለሚይዝ ዋጋው ይወርዳል፤ ቆጡ ደግሞ ከሸምበቆና ከገመድ በአንድ ቀን ይሠራል።