ጨረቃ ላይ ቀን ነው

ማታ ደጅ ወጥቶ ሙሉ ጨረቃን በስልኩ ያነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው በጥቁር ሰማይ መሐል አንዲት ነጭ ጠብታ ነው። ካሜራው ዙሪያውን ጨለማ ሲያይ ብርሃን ያነሰ መስሎት አብዝቶ ያስገባል፤ የጨረቃዋ መልክ በዚያ ይጠፋል።

እዚህ ሌሊት ቢሆንም፣ የምናየው የጨረቃ ገጽ ላይ ግን ቀን ነው። ፀሐይ ያረፈችበት ድንጋይና አቧራ ነው፤ ከሚደርሰው ብርሃን የሚመልሰው 12 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ ካረጀ አስፋልት ብዙም አይነጣም። ስለዚህ እንደ ቀን ይነሳል፦ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 11፣ አይኤስኦ 100፣ ሹተሩ የሰከንድ 1/100 ወይም 1/125። በስልክ ሲሆን ጨረቃዋን በጣት ነክቶ ብርሃኑን ወደ ታች መሳብ ነው።

አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ አንሰል አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1941 በኒው ሜክሲኮዋ ሄርናንዴዝ መንደር በኩል ሲያልፍ ጨረቃ ወጥታ፣ የመቃብሩ መስቀሎች በመጨረሻዋ ፀሐይ ሲያበሩ አየ። የብርሃን መለኪያው ከዕቃው መሐል አልገኝ አለው። የጨረቃን የብርሃን መጠን ግን በቃሉ ያውቅ ነበርና ከዚያ ተነስቶ አሰላ፤ አነሳ። ለሁለተኛው ሲዘጋጅ ፀሐይዋ ከመስቀሎቹ ላይ ሸሸች። ከታወቁት ሥራዎቹ አንዱ የሆነው ፎቶ ያ ብቸኛው ነው።

ሌንስ ረዘም ይበል፤ በ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ እንኳ ጨረቃ ካሜራው ውስጥ የምታርፈው 2 ሚሊ ሜትር በማትሞላ ስፋት ነው። ካሜራው በማቆሚያ ይቁም። ሹተሩን ለብዙ ሰከንድ መክፈት አያዋጣም፤ ጨረቃ በሁለት ደቂቃ ገደማ የራሷን ስፋት ያህል ትጓዛለች።

ጉድጓዶቿንና ተራሮቿን ለሚፈልግ ሙሉ ጨረቃ አትመችም። ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምትመታት ጥላ የላትም፤ የእኛም ጋራ በቀትር ጠፍጣፋ መስሎ፣ ጠዋት ግን ሸንተረሩ ሁሉ የሚለየው በዚሁ ምክንያት ነው። በግማሽ ጨረቃ ጊዜ ብርሃንና ጨለማ የሚገናኙበት መስመር አጠገብ ያለው ጥላ ረጅም ነው፤ ያኔ ግን ብርሃኗ ስለሚያንስ ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 5.6 መክፈት ያስፈልጋል።

እኔ ግን ከሁሉ የምወደው የሙሉ ጨረቃን ዋዜማ ነው። ጨረቃ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀድማ ስለምትወጣ የምድሩና የእሷ ብርሃን ይቀራረባል፤ ጋራውም፣ ቤቱም፣ ጨረቃዋም በአንድ ፎቶ ይገባሉ። ዝናቡ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ በታኅሣሥ፣ ካሜራዬን ወደ ምሥራቅ አዙሬ ቀድሜ እጠብቃለሁ። ጊዜው አጭር ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ካለፈ ምድሩ ይጨልምና ጨረቃ ብቻዋን ትቀራለች።