ባለቤትዎ በድንገት ሌላ ሰው ቢሆኑብዎ

ባለፈው ሳምንት ደህና የነበሩት ባለቤትዎ እንቅልፍ አጥተው የሌለ ድምፅ ቢሰሙ፣ «ሊገድሉኝ ነው» ብለው ቢጮኹ ምን ያደርጋሉ? አብዛኞቻችን ለአገልጋዮች እንደውላለን። ይጸልዩ፤ ሐኪም ዘንድ መሄዱ ግን አይዘግይ። በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ የመጣ ለውጥ፣ በተለይ የሚጥል ሕመም ወይም መርሳት ከተጨመረበት፣ የአንጎል ብግነት ሊሆን ይችላል።

ከጋብቻ በፊት የኤች አይ ቪ ምርመራ ካደረጉ አንቲቦዲ የሚለው ቃል አዲስ አይሆንብዎትም፤ ሰውነት በሽታን ለመከላከል የሚሠራው ነው። አንዳንዴ ግን ተሳስቶ የገዛ አንጎልን ያጠቃል። እ.ኤ.አ. በ2007 ዶክተር ጆሴፕ ዳልማውና ባልደረቦቻቸው በ12 ሴቶች ላይ ይህን አሳዩ፤ ጥቃቱ የደረሰው ኤንኤምዲኤ በተባለው የአንጎል ሕዋስ መልእክት መቀበያ ላይ ነበር። አብዛኞቹ በእንቁላል ማመንጫቸው ላይ ዕጢ ነበረባቸው።

እ.ኤ.አ. በ2009 በኒውዮርክ ሱዛና ካሃላን የተባለች የ24 ዓመት ጋዜጠኛ እንደ አእምሮ ሕመምተኛ ተቆጥራ ነበር። ዶክተር ሱሄል ናጃር ሰዓት እንድትሥል አዘዟት። ቁጥሮቹን ሁሉ በቀኝ በኩል ብቻ ደረደረቻቸው! ሐኪሙ አንጎሏ መታመሙን ተረዱ፤ የአንቲቦዲ ምርመራውም አረጋገጠላቸው።

ምርመራው እንዲህ ነው። በላቦራቶሪ መቀበያውን እንዲሸከሙ በተዘጋጁ ሕዋሳት ላይ የታማሚው ፈሳሽ ይጨመራል። አንቲቦዲው ካለ ይጣበቃል፤ የሚያበራ ቀለም ሲታከልበት በማይክሮስኮፕ ይታያል። ለዚህ በሽታ ከደም ይልቅ ከወገብ የሚወሰደው የህብለ ሰረሰር ፈሳሽ ይታመናል። «መርፌው ሽባ ያደርጋል» የሚለው ወሬ ብዙዎችን ያስፈራል፤ መርፌው የሚገባው ግን ህብለ ሰረሰሩ ካለቀበት በታች ነው።

«የለም» የሚል ውጤት ሁሉን አይዘጋም። በደም ያልታየው በፈሳሹ ሊገኝ ይችላል፤ በሁለቱም ሳይገኝ ሕመሙ ያለባቸውም አሉ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የባለሙያዎች መመሪያ ምልክቶቹ በቂ ከሆኑ ውጤቱን ሳይጠብቁ ሕክምና እንዲጀመር ይመክራል። ሕክምናው ስቴሮይድ፣ ኢሚዩኖግሎቡሊን፣ ፕላዝማ ማጣራት፣ ዕጢ ካለም ማውጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት ከ501 ታማሚዎች 394ቱ በሁለት ዓመት ውስጥ በደንብ አገግመዋል፤ 30ዎቹ ሞተዋል።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ ለውጡ የጀመረበትን ቀን ጽፈው ይያዙ። ታማሚው ራሱ ላያስታውሰው ይችላል።