ስለ ውሻና ስለ ድመት ምግብ

ውሻና ድመት ከሰው ጋራ መኖር ከጀመሩ ብዙ ሺህ ዓመታት አልፈዋል። ቀንበር ሳይሸከሙ፥ ወተትም ሳይታለቡ፥ በትጋታቸው ብቻ በሰው ቤት ስፍራ አግኝተዋል። ውሻ ሌሊት ደጁን ይጠብቃል፤ ድመትም እህሉን ከአይጥ ታድናለች። በወሎ በሐብሩ ወረዳ በሚገኘው በግራና ቆላ ገበሬው የዓመት ቀለቡን፥ ማሽላውንና ጤፉን፥ ባስገባ ጊዜ እነዚህ ሁለት ዘበኞች ይጠብቁለታል። ለዘበኞቹ ግን ብዙ ጊዜ ቀለብ አይቈረጥላቸውም።

ይህ የሚሆነው ከጭካኔ ሳይሆን ካለማወቅ ነው። አንዳንድ ሰው «ድመት ከጠገበች አይጥ አትይዝም» ይላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፤ ድመት የምታድነው ስለ ራብ ብቻ ሳይሆን ማደን ተፈጥሮዋ ስለ ሆነ ነው። አባቶችም «ድመት መንኵሳ ዐመሏን አትረሳ» ማለታቸው ይህን ተመልክተው ነው። በራብ የደከመች ድመት ግን አይጡን ትታ በጎረቤት ጫጩት ላይ ታደባለች። የራበው ውሻም ደጁን ትቶ ጥንብ ፍለጋ ይዞራል፤ በዚያም ባበደ ውሻ ቢነከስ በሽታውን ወደ ጌታው ቤት ይዞ ይመለሳል።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት የውሻና የድመት ሆድ አንድ አለመሆኑ ነው። ውሻ ከሰው ጋራ ብዙ ዘመን ስለ ኖረ ከሥጋ ሌላ እህልም ሊፈጭ ይችላል። ስለዚህ ምግቡ ከቤት ከማይታጣ ነገር ይዘጋጃል። ከማሽላ ወይም ከበቆሎ ዱቄት ገንፎ ተገንፍቶ በሁለት እጅ ገንፎ ላይ አንድ እጅ የተቀቀለ ሥጋ ወይም ዕንቁላል ይጨመርበታል፤ ጥቂት የተቀቀለ ዱባም ቢታከልበት መልካም ነው። እህልና ሥጋ ብቻ የሚበላ እንስሳ አጥንቱን የሚያጸና ነገር ይጐድልበታል። ስለዚህ የዕንቁላል ቅርፊት ታጥቦ፥ ደርቆና እንደ ዱቄት ተወቅጦ በቀን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል ይነስነስበት። 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ በቀን ግማሽ ኪሎ ያህል ምግብ ጧትና ማታ ተከፍሎ ይሰጠዋል፤ የጎድን አጥንቱ ከወጣ ይጨመርለታል፥ ከወፈረም ይቀነስበታል። ቡችላ ጡት ከተወ በኋላ ጥቂት ጥቂት እየተደረገ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ይበላል።

ድመት ግን በእህል ብቻ መኖር አትችልም። ታውሪን የሚባለው ንጥረ ነገር በሥጋና በዓሣ ይገኛል፤ ውሻ ይህን በገዛ አካሉ ሲሠራ ድመት የሚበቃትን ያህል መሥራት አይሆንላትም። ሊቃውንትም ታውሪን ያጣች ድመት ዐይኗ እንደሚጠፋ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1975 ዓ.ም.፥ ልቧም እንደሚደክም በ1987 ዓ.ም. አስረድተዋል። ስለዚህ ከድመት ምግብ ከ4 እጅ 3ቱ ሥጋ ሊሆን ይገባል። ከሥጋም ሁሉ ልብ በዚህ ነገር የበለጸገ ነው። ሥጋው ሲቀቀል ታውሪኑ ወደ ውኃው ስለሚወጣ መረቁ ሳይደፋ አብሮ ይሰጣት። ጉበት ጠቃሚ ቢሆንም ሲበዛ ይጐዳልና በሳምንት አንድ ቀን ጥቂት ይበቃል። 4 ኪሎ ለምትመዝን ድመት በቀን ከ150 እስከ 200 ግራም ያህል ይበቃታል።

የሚከለከሉ ነገሮችም አሉ። ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የሁለቱንም ደም ያበላሻል፤ ስለዚህ የወጥ ትራፊ አይስማማቸውም። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት እንደ እሾህ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ሊጥ በሆድ ውስጥ ይነፋል፤ አተላም የሚያሰክር ነገር ስለ ቀረበት ይጐዳቸዋል። ወተት ብዙ ድመቶችን ያስቀምጣል፤ የሁሉም መጠጥ በየቀኑ የሚለወጥ ንጹሕ ውኃ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሊጠነቀቁለት የሚገባ ነገር ግን በእርድ ቀን ይመጣል። በበግ ወይም በከብት ጉበትና ሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት በተገኘ ጊዜ «ይህስ ለውሻ» ተብሎ ይጣላል። በከረጢቱ ውስጥ ግን ከኮሶ ወገን የሆነ የጥቃቅን ትል ዘር አለ። ውሻው ጥሬውን ከበላው ትሉ በአንጀቱ ያድጋል፤ ዕንቁላሉም ከኵሱ ጋራ ወጥቶ በሣርና በውኃ፥ በጠጕሩም ላይ ይቀራል። ሕፃን ውሻውን ዳብሶ እጁን ሳይታጠብ ቢበላ ያው ከረጢት በሕፃኑ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ያድጋል፤ ሳይታወቅም ብዙ ዓመት ሊቈይ ይችላል። ለውሻ የተጣለው እንዲህ ሆኖ ወደ ሰው ይመለሳል። ስለዚህ ከረጢት የታየበት ሁሉ ይቃጠል፥ ወይም ውሻ ቈፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጕድጓድ ይቀበር፤ ደኅና የሚመስለውም ተቈራርጦ ከግማሽ ሰዓት ላላነሰ ጊዜ ይቀቀል። የትል መድኃኒትም ከእንስሳት ሐኪም ተጠይቆ በየጊዜው ለውሻው ይሰጠው።

በክርስቲያን ቤት ደግሞ ሌላ ነገር ሊታሰብ ይገባል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በዚያ ጊዜ ሥጋና ዕንቁላል ከማዕድ ይርቃሉና ድመቲቱ ከአይጥ በቀር ምግብ ታጣለች። የነነዌ ሰዎች በንስሓቸው ጊዜ እንስሶቻቸውን ጭምር ማጾማቸውን የሚያነሣ ቢኖር፥ ያ ጾም 3 ቀን ብቻ ነበር፤ የዚያው የትንቢተ ዮናስ መጨረሻም እግዚአብሔር ለከተማይቱ በራራ ጊዜ እንስሶቹን እንዳልረሳ ያስረዳል። ጾም ኀጢአቱን ለሚያውቅ ሰው ተሰጠ እንጂ ለድመት አልታዘዘም። እንግዲህ በቅበላ ከሚታረደው ሥጋ ጥቂቱ ያለ ጨውና ያለ በርበሬ በቀጭኑ ተዘልዝሎ ይድረቅላት፤ በጾሙም ወራት እየተቀቀለ ይሰጣት። ዶሮዎች በጾም መጣላቸውን አይተዉምና ዕንቁላሉ እየተቀቀለ ለሁለቱም ይሆናል። ውሻውን በደንብ የበሰለ የምስር ክክ ከገንፎ ጋራ ያግዘዋል።

በግራና ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ። ሙስሊሙ ባረደ ጊዜ ክርስቲያኑ ለድመቱ ልብ ቢለምነው ነውር የለበትም። በእስልምናም ዘንድ የተጠማ ውሻ ያጠጣ ሰው ይቅርታ እንዳገኘ፥ ድመት ዘግታ በራብ የገደለች ሴት ግን እንደ ተቀጣች ይተረካል። በመጽሐፈ ምሳሌም ጻድቅ ለእንስሳው እንደሚያስብ ተጽፏል። ስለዚህ የቤቱ ልጆች ራታቸውን ከመብላታቸው በፊት የውሻውን ገበታና የድመቲቱን ውኃ ይመልከቱ፤ እነዚህ ሁለቱ ራባቸውን በቃል መናገር አይችሉምና።